ዳማታ ያሠራችው ቆጥ

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የናምቦጉ መንደር ሴቶች ማኅበር የመጋዘን ቁልፍ ከዳማታ ወገብ ወርዶ አያውቅም። ገላዋን ስትታጠብም አትፈታውም እየተባለ ይቀለድባታል፤ እሷም አስተባብላ አታውቅም። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ የሞተው ሦስተኛ ልጇ ጡት ሳይጥል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አላገባችም። ልጆቿን አሳድጋ ሁለቱን ድራለች። ጠዋት የማሽላ አጥሚቷን ቆማ ትጠጣና ከመንገድ ዳር ኮሴ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ የአደንጓሬ ሊጥ ሁለት ገዝታ፣ እሱን እያኘከች ሄዳ መጋዘኑን ትከፍታለች።

ሥራዋ መረከብና መደርደር ነው። ቅቤ የሚወጣው የሺአ ፍሬ ከዱር ተለቅሞ፣ ተቀቅሎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ በጆንያ ይመጣል። ዳማታ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከትና ከሥር አንድ ፍሬ አውጥታ በጥርሷ ትሰብራለች። ቀጭ ካለ ይገባል፤ ዝም ካለ ወደ ስጥ ይመለሳል። ባለጆንያዋ የገዛ ልጇ ብትሆንም ፍርዱ ያው ነው። አንድ ጊዜ ሆኖም ያውቃል፤ ልጅቷ ሁለት ሳምንት አኩርፋታለች።

መጋዘኑ ድሮ የጥጥ ማከማቻ ነበር። ለጥጥ ስለተሠራ ሦስት ሰው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም ጣሪያውን አይነካም። የሺአ ጆንያ ግን እንደ ጥጥ አይቆለልም። ከአምስት በላይ ከደረቡት የታችኛው ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ስለዚህ በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ ወለሉ ይሞላል፣ ዳማታ "ሞልቷል" ብላ በሩን ትዘጋለች፤ ከጆንያዎቹ በላይ ያለው የቤቱ እኩሌታ ግን ባዶውን ይከርማል።

ከበር የሚመለሱት ሁልጊዜ የዛንዪሊ ሴቶች ናቸው። ዛንዪሊ ከወንዙ ማዶ ያለች መንደር ናት፤ ማኅበርም መጋዘንም የላት። ቤታቸው ያፈሳልና ፍሬው በዝናብ ሳይሻግት ለባለ መኪናው ነጋዴ ይሸጡለታል። እሱም በሐምሌ የገዛውን በኅዳር ወደ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ይሸጠዋል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ማወቅ ግን ጣሪያ አይሆንም። ዳማታ የተወለደችው ዛንዪሊ ነው። እናቷ እስክትሞት ድረስ በሐምሌ ስትሸጥ ኖራለች።

የዛንዪሊ ሴቶችን እየመራች የምትመጣው ፉሴና ደግሞ የዳማታ የአክስቷ ልጅ ናት። በዚያ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች ካልተሰዳደቡ የተጣሉ ይመስላሉ። አምና ከበሩ የተመለሰች ቀን ፉሴና እንዲህ አለች፦

"አንቺ የአይጥ ዘበኛ፣ ዘንድሮም ቦታ የለሽም?"

"ለጆንያሽ ቀርቶ ለምላስሽም ቦታ የለኝ።"

"እስቲ ቀና በዪ። ያ ከላይ ያለው ምንድን ነው?"

"አየር ነው።"

"አየሩን የምትጠብቂው በደመወዝ ነው ወይስ በነጻ?"

ዳማታ ስቃ ሸኘቻት። በሩን ከዘጋች በኋላ ግን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ባዶ ቦታ ሳታየው የቀረችበት ቀን የለም።

መላውን ያገኘችው ታማሌ ከተማ ነው። የብስክሌት ዕቃ ሻጭ ሱቅ ገብታ ጎማ ብትጠይቀው ሰውየው መሰላል ወጥቶ ከራሷ በላይ ይራመድ ጀመር። ሱቁን ለሁለት ከፍሎ በብረት ምሰሶ ላይ ጣውላ አንጥፎ ቆጥ ሠርቷል። ከታች ይሸጣል፣ ከላይ ያከማቻል። ዳማታ ጎማውን ረስታ "ማን ሠራልህ?" አለችው። ኦፖኩ የሚባል ከደቡብ፣ ከኩማሲ የመጣ ሰው፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ያለ በያጅ ነው አላት።

ነገሩን ለማኅበሩ ስታቀርብ ሴቶቹ ኒም ዛፉ ሥር ተሰብስበው ነበር። የማኅበሩ አለቃ፣ በማዕረጋቸው መጋዚያ የሚባሉት ሳናቱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የኮላ ፍሬ እያኘኩ የሚፈርዱ ሴት ናቸው። ሰምተው ሰምተው፣

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፣ ዳማታ" አሉ። "ያለንን ጆንያ በሰላም እናስቀምጥ።"

"እማማ፣ እኔ የማወርደው የለኝም። የምሰቅለው ነው ያለኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ። መጋዚያም ፈገግ አሉና ኮላቸውን ወደ ሌላኛው ጉንጭ አዛወሩት። ከማኅበሩ መጠባበቂያ ገንዘብ ወጥቶ እንዲሠራ ተፈቀደ። ቃሉ ግን ከባድ ነበር፦ ቆጡ ካልሠራ ዳማታ ቁልፉን ታስረክባለች። እሷም በዚያው ሳምንት ወንዙን ተሻግራ ለፉሴና "ዘንድሮ ለባለ መኪናው አትሽጡ፤ ቦታ አለኝ" ብላ ተናገረች። ለቁልፉ ብዙም አልፈራችም። ያስፈራት ይኸኛው ቃል ነው።

ኦፖኩ ሰኔ ውስጥ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሲሠራ የማያወራ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ወለሉን በመዶሻ እየመታ ዞረ። ወለሉ ሊሾ ነው፤ በመታው ቁጥር ድንግ ድንግ ይላል።

"እማማ ዳማታ፣ ይሄ ወለል ጠንካራ ነው?"

"ጠንካራ ነው! አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሰነጠቀም።"

ከዚህ በላይ አልጠየቀም። በአሥራ አንድ ቀን አሥራ ሁለት ምሰሶ ተከለ፤ ከያንዳንዱ ሥር መዳፍ የምታህል ላሜራ በይዶ በብሎን አሰረ። አግዳሚ ብረቱን ጣለ፣ ጣውላውን አነጠፈ፣ ለደረጃው መደገፊያ አደረገለት። ዳማታ ሦስት ጊዜ ወጣች ወረደች። ከላይ ሆና መጋዘኑን ስታየው የሌላ ሰው ቤት መሰላት።

ያልጠበቁት ክርክር የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። መጋዚያ ሳናቱ መጥተው ቆጡን አዩና፣

"መልካም ነው። ሐሙስ እንጠቀጥቀዋለን" አሉ።

በዚያ አገር አዲስ ወለል ሲሠራ ሴቶች ይጠራሉ። እያንዳንዷ ጠፍጣፋ የእንጨት መጠቅጠቂያዋን ይዛ ትመጣለች፤ ጎንበስ ብለው በአንድ መስመር ይቆማሉ፤ አንዷ ዘፈን ታወጣለች፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ በዜማው ልክ አፈሩን ይመቱታል። እንዲህ ያልተደረገለት ቤት ሰው ቢገባበትም ቤት አይባልም። ኦፖኩ ግን ዓይኑ ፈጠጠ።

"እማማ፣ ይሄ ጣውላ ነው። ጣውላ አይጠቀጠቅም።"

"ወለል ነው ያልከን አንተ ነህ።"

"የጣውላ ወለል!"

"የአያትህን ቤት ማን ጠቀጠቀው?"

"እኛ አገር በሲሚንቶ ነው፣ እማማ።"

"ለዚህ ነዋ የፉፉ ገንፎ ከመዋጥ በቀር ዘፈን የማትችሉት።"

ዳማታ መሃል ገብታ ለማስማማት ሞከረች። አምስት አምስት እየሆኑ ይውጡ፣ ቀስ ብለው ይምቱ ተባለ። ሐሙስ ዕለት ከነመጠቅጠቂያቸው የመጡት ሠላሳ ስድስት ሴቶች ናቸው። ኦፖኩ ደረጃው ሥር እጁን ዘርግቶ "አምስት! አምስት ብቻ!" ሲል የሰማው የለም፤ በግራና በቀኙ አልፈውት ወጡ። ዜማው ተነሣ። ሠላሳ ስድስት መጠቅጠቂያ እኩል ወረደ። ጣሪያው ላይ የነበሩት ርግቦች በረሩ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። ሴቶቹ በመስመር እየመቱ ወደ ኋለኛው ግድግዳ፣ ውጭ የጣሪያው አሸንዳ ወደሚያንጠባጥብበት ጥግ ተጠጉ። ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ጣውላው ወደዚያ ዘመም አለ። የመጋዚያ የኮላ ሳህን ብቻውን ተንሸራቶ ሄዶ ግድግዳ መታ። ዘፈኑ ከመሃሉ ተቆረጠ።

የወደቀ ሰው የለም። አንዳንዷ በድንጋጤ እየሳቀች፣ አንዳንዷ የጎረቤቷን ቀሚስ ጨብጣ፣ አንድ በአንድ ወረዱ። ከታች ሲያዩ የጥጉ ምሰሶ ሦስት ጣት ያህል ሰምጧል፤ ዙሪያውን ያለው ሊሾ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል።

"አልኳችሁ! አልኳችሁ አይደል?" አለ ኦፖኩ።

"እኛስ መች አጠፋን?" አሉ መጋዚያ ሳናቱ፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ። "ጠቅጥቀን ባናየው ሁለት መቶ ጆንያ ጭነን፣ ሰው ከሥሩ አቁመን ልናየው ነበር።"

ኦፖኩ መዶሻውን አንሥቶ የተሰነጠቀውን ሊሾ ፈነቀለ። ውፍረቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ከሥሩ የወጣው ቀይ ጠጠርና አፈር ነው፤ ምሰሶው አጠገብ ያለው በአሸንዳው ውሃ ርሷል።

"ኮንክሪቱ የታለ?"

የተናገረችው ዳማታ ናት።

"የለም። ጠጠርና ቀይ አፈር ነው። የዳዋዳዋ ዛፍ ፍሬ ልጣጭ የተዘፈዘፈበትን ውሃ እየረጨን የጠቀጠቅነው እኛ ነን። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሊሾውን ያለበሱት ኋላ ነው።"

"እማማ ዳማታ፣ ጠይቄዎት ነበርኮ።"

"ጠንካራ ነው ወይ አልከኝ። ጠንካራ ነው አልኩህ።"

አልዋሸችውም። እዚያ አገር ሴት ራሷ የጠቀጠቀችውን ወለል "ጠንካራ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ልጅሽ መልከ መልካም ነው ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፤ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ኦፖኩ የኩማሲ ሰው ነውና ይህን አላወቀም። ቢሆንም ሰውየው ፍትሐዊ ነበር።

"ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ። "ድምፁን ሰምቼ አመንኩት። ወለሉ ጠንካራ ነው፣ ውሸት የለውም። ጆንያ በሰፊው ሲተኛበት ይችለዋል። ምሰሶ ግን ክብደቱን ሁሉ መዳፍ በምታህል ቦታ ነው የሚጥለው። ጭቃ ላይ በጫማ ብትሄዱ ትሻገራላችሁ፤ በሙቀጫ ዘነዘና ብትሄዱስ?"

ነገርን ከሥሩ ነውና ሥሩ መቆፈር ነበረበት። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በክሪክ ማንሣት፣ ከያንዳንዱ ሥር ክንድ የሚያህል ጉድጓድ መቆፈር፣ ኮንክሪት መሙላት፣ አሸንዳውንም ማዞር ያስፈልጋል። ለቁፋሮው ሦስት ቀን፣ ኮንክሪቱ እስኪጠና ሰባት ቀን። በድምሩ አሥር ቀን ጆንያ አይወጣበትም። ባለ መኪናው ደግሞ ለዘንድሮ ክረምት ለመጨረሻ ጊዜ ዛንዪሊ የሚመጣው የፊታችን እሁድ፣ በገበያው ቀን ነው፤ ያን ቀን ያልሸጠ ዝናቡ ሳያባራ ገዢ አያገኝም።

ዳማታ ቁልፉን ከወገቧ ልትፈታ ስትል መጋዚያ ሳናቱ እጇን ያዟት።

"ዛሬ አትፍቺ። መጀመሪያ ሂጂና ቃል ለሰጠሻቸው ሰዎች ንገሪ።"

ፉሴና ደጇ ላይ ተቀምጣ ፍሬ ትፈለፍል ነበር። ዳማታ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ሰመጠው ምሰሶም፣ ስለ ሊሾውም፣ በያጁ ሲጠይቃት ምን ብላ እንደ መለሰችም። ፉሴና አልሰደበቻትም። ዳማታን ያስፈራት ይኸው ነበር።

"አሥር ቀን ጆንያው የት ይክረም?" አለች ፉሴና። "እኔ ቤት ሦስት ቦታ ያፈሳል። የሌሎቹ ከእኔ የባሰ ነው።"

"እኛ ጋ አርባ አንድ የማኅበር ሴት አለ። የሁሉም ቤት አዲስ ቆርቆሮ ነው። እኔ ቤት ስምንት ጆንያ ይገባል።"

"ጠየቅሻቸው?"

"አልጠየቅኩም። መጀመሪያ ለእናንተ ልንገር ብዬ ነው።"

"እሺ ካላሉሽስ?"

"ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቼ የሞላልኝን እነግርሻለሁ። ያልሞላልኝን እሁድ ሽጡ። ሁለተኛ ባዶ ቃል አልሰጥሽም።"

ዓርብና ቅዳሜ ዳማታ ናምቦጉን ቤት ለቤት ዞረች። የአንዷ አማች ከአክራ ሊመጣ ነው። አንዷ አይጥ አለባት። አንዷ ደግሞ ፊት ለፊት "ቢሻግት በእኔ ሊላከክ?" አለቻት።

"የሻገተውን እኔ ነኝ የምጠየቅበት። አንቺ ጣሪያሽን ብቻ ስጪኝ።"

"ባለፈው ዓመት የእኔን ሁለት ጆንያ መልሰሽብኝ የለ?"

"አልደረቀም ነበራ።"

"በፊቴ ስቀሽ ነው የመለስሽው።"

"እንግዲህ ጥርሴ ነው፤ ፍሬ ሲሰብርም ይገለጣል።"

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣትና አራት ጆንያ ተቀበለች። መጋዚያ ሳናቱ የሚሰግዱበትን ክፍል ምንጣፉን አንሥተው ለአሥራ ሁለት ጆንያ ለቀቁ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እያሉ እሳቸውም በበኩላቸው ሰው ላኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ቤት እሺ ብሏል፤ ለመቶ ስልሳ ስምንት ጆንያ ቦታ ተገኘ። ዛንዪሊ ያለው ሁለት መቶ አሥር ነው። ዳማታ አርባ ሁለቱን ከየትም አላመጣችም።

ለፉሴናም እንዳለ ነገረቻት። እሁድ ባለ መኪናው ሲመጣ አሥራ አንድ ሴቶች ሸጡ። ዕጣ አላወጡም፤ ልጅ የታመመባትና ጆንያዋን የምትሸፍንበት ሸራ እንኳ የሌላት ቀድማ ወጣች። የቀረው በጭነት ሞተር እየተጫነ ወንዙን ተሻገረ። ባለ መኪናው እስከ ማታ ጠብቆ፣ የመኪናው ሩብ ሳይሞላ ሄደ።

ሰኞ የዛንዪሊ ሴቶች ዶማቸውን ይዘው መጋዘኑ ደጅ ተገኙ፤ የሸጡትም ጭምር። ኦፖኩ ምሰሶውን በክሪክ ያነሣል፣ በእንጨት ይደግፋል፣ እነሱ ይቆፍራሉ። አፈሩ እምቢ አለ። ያኔ የተጠቀጠቀው እንደ ድንጋይ ሆኖ ዲጂኖ እስኪጎብጥ ታገላቸው።

"እግዜር ያሳያችሁ" አለ ኦፖኩ ላቡን እየጠረገ፣ "ይሄን ማን በእንጨት ጠቀጠቀው ይላል?"

"እኛ ነና!" አለች ዳማታ። አልቻለችም፤ ያን ሰዓትም ወለሉን አሞገሰች።

ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ለሰባት ቀን ጠዋትና ቀትር እንደ ችግኝ መደብ ውሃ ታጠጣው ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሠላሳውን ቤት እየዞረች በየጆንያው እጇን ትከታለች። አራት ጆንያ ሙቀት ጀምሯቸው አገኘችና አስጥታ መለሰቻቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጭነቱ ተጀመረ። ኦፖኩ ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ወጥሮ ምሰሶው ቢሰምጥ እንዲያሳይ በያንዳንዱ ላይ በኖራ ምልክት አደረገና ሰው ሁሉ ከቆጡ ሥር እንዲወጣ አዘዘ። ሁሉም ወጣ። ዳማታ ገብታ ያ የሰመጠው ምሰሶ አጠገብ ቆመች።

"እማማ ዳማታ፣ ይውጡልኝ።"

"ጫኑ።"

"ሕግ ነው። ሲጫን ከሥር ሰው አይቆምም።"

"ሕጉ ለሌላው ሰው ነው። ጠንካራ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ኦፖኩ ወደ መጋዚያ ዞረ። መጋዚያ ወደ ሰማይ ዞሩ። ከላይ ፉሴና በመደገፊያው ላይ አንገቷን አሰገገች።

"ተዋት ኦፖኩ! ባሏ በወዲያኛው ዓለም አጥሚት የሚያፈላለት አጥቷል፤ ትሂድለት!"

"አንቺን ከነምላስሽ የተሸከመ ቆጥ በፍሬ አይወድቅም!" አለች ዳማታ ከሥር።

አንድ ጆንያ ወጣ፣ አሥር ወጣ፣ ሃምሳ ወጣ። ጣውላው ሲረገጥ አቧራው እየወረደ ሻሿ ላይ ያርፋል። መዳፏን ብረቱ ላይ አሳርፋ አልተንቀሳቀሰችም። መቶኛው ሲወጣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፤ ከላይ የሚጣለውን የጆንያ ድምፅ መለየት አስቸገራት፤ ስለዚህ በእጇ ብቻ ትሰማ ነበር። አንዳንዴ ብረቱ ሲርድ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲረጋ ትለቃለች።

የመጨረሻው ጆንያ ከወጣ በኋላ ኦፖኩ ጎንበስ ብሎ የገመዱን ምልክት አየ።

"ንቅንቅ አላለም።"

"እንደገና እይ።"

አሥራ ሁለቱንም ዞሮ አየ። "ፀጉር ታህል አልሰመጠም፣ እማማ።"

ዳማታ እጇን ከምሰሶው አነሣች። ጣቶቿ ደንዝዘው አልታጠፍ አሏት። ከቆጡ ሥር ወጥታ፣ ቁልፉ ወገቧ ላይ እንዳለ፣ የደረጃው መጀመሪያ ላይ ተቀመጠች፤ ፉሴናም ወርዳ ገፋ አድርጋት ጎኗ ቁጭ አለች።

"የሸጡት የአሥራ አንድ ሴቶች ነገርስ?" አለች ፉሴና። "ከርሞ እነሱም ይመጣሉ። የሌላ መንደር ሰውም ሰምቷል።"

ኦፖኩ በበሩ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ በዓይኑ ለካ። "በዚህ ወገን አራት ምሰሶ ቢጨመር መቶ ጆንያ…"

"ቆይ" አለች ዳማታ። "ስንት እንደሚይዝ አሁን አትንገረኝ። መጀመሪያ መሬቱን ቆፍረን እንየው።"